የእትዬ ብርቄ ግድግዳ

«የምርምር ፍላጎትህ ምንድን ነው?» ተብሎ እንደ መጠየቅ ያለ ክፉ ነገር አላየሁም። ስም ቢሉኝ ስሜን እናገራለሁ። ዕድሜ ቢሉኝ ሁለት ዓመት ቀነስ አድርጌ እናገራለሁ። ፍላጎት ሲሉኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ፍላጎት አጥቼ አይደለም። ውኃ የማያስገባ ጫማ እፈልጋለሁ፤ ከቴፒ ሚዛን ስሄድ መስኮት ዳር መቀመጥ እፈልጋለሁ። ይህ ግን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ትምህርት ክፍል በሚያስሞላው ቅጽ ላይ አይጻፍም።

ቅጹ በየዓመቱ መጀመሪያ ይመጣል። መምህሩም የማስተርስ ተማሪውም ይሞላዋል፣ ከዚያ ከጉርድ ፎቶ ጋር መተላለፊያው ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል። ታዲያ የእኛ ሰው የራሱን ፍላጎት የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ምን እንደሞላ ካየ በኋላ ነው። አንድ ዓመት አንዱ «ስማርት ግሪድ» ብሎ ጻፈ። ሲተረጎም የት ምን እንደተበላሸ ራሱ የሚያውቅ፣ ራሱን የሚጠግን ብልጥ የመብራት መረብ ማለት ነው። ቅጹ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ስድስታችን ብልጥ መረብ ፈላጊዎች ሆነን ተገኘን። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይሄ ነው።

ስለ አንቴና የሚመራመረው ባልደረባችን ቤት ቴሌቪዥኑ የሚታየው ሚስቱ ሽቦውን ይዛ ስትቆም ብቻ ነው። የሮቦት ቁጥጥር እመራመራለሁ ያለው ደግሞ ለፋሲካ የገዛውን በግ መቆጣጠር አቅቶት አንድ ቀን ሙሉ በሰው ቡና ውስጥ ሲያሯሩጠው ውሏል። ሐሜት አይምሰላችሁ። ሁለቱም በክፉ ቀን የደረሱልኝ ሰዎች ናቸው፤ በጉን ያስያዝኩትም እኔ ነኝ፣ ሽቦውንም ተራ ሲደርሰኝ ይዣለሁ።

እኔም እንግዲህ «ስማርት ግሪድ» ብዬ ነበር የሞላሁት። አማካሪዬ ዶክተር ጌታሁን ቅጼን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከሰሌዳው» አልኩ። መዋሸት ሳልችል ቀርቼ ሳይሆን ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

«ስማ፣ ብልጡን መረብ ከመፈለግህ በፊት ያለንን መረብ እወቀው። የከተማችን መብራት መቼ መቼ ይጠፋል? ለስንት ሰዓት? በምን ምክንያት? ቁጠርልኝ። ይኸው ጥናትህ።»

ደስ አለኝ። መቁጠር እችላለሁ። ደግሞም ጊዜ አልነበረኝም። ማራዘሚያ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፣ ሦስተኛ የሚባል የለም። እስከ ጥር መጨረሻ ጥናቴን አቅርቤ ካልተከላከልኩ ስሜ ከተማሪዎች መዝገብ ይፋቃል። ማጂ ያለው አባቴ ደግሞ «ልጄ የማስተርስ ዲግሪ ሊይዝ ነው» ብሎ ያልነገረው ሰው ስለሌለ፣ እኔ ከመዝገብ ስፋቅ እሱ ከገበያ መቅረቱ ነው።

አራት ሳጥኖች ሠራሁ። እያንዳንዷ ሳጥን አረንጓዴ መብራት አላት፤ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ሰዓቱን ትይዛለች። አንዷን ጸጉር ቤት፣ አንዷን ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አንዷን ሻይ ቤት፣ አንዷን የተከራየሁበት ግቢ አከራዬ እማማ አለሚቱ ቤት ሰካሁ። ሰኔ ነበር፤ የቴፒ ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሲጀምር ማቆም የሚባል ነገር ያልተማረ ዝናብ ነው። ዛፍ ይወድቃል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ፣ እመረቃለሁ።

መብራቱ አልጠፋም።

ለካስ እኔ ሳጥኖቼን ስበይድ የመስመር ሠራተኞች መጥተው የበሰበሱትን ምሰሶዎች ቀይረዋል፣ ሽቦው ላይ የተጋደሙትን ቅርንጫፎች ቆርጠዋል። እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራቸው ሥራ ነበር፤ የእኔን ጥናት ግን ከሥሩ ነቀሉት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። አረንጓዴዎቹ መብራቶች ፍንክች አላሉም። ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ ወጥቼ ሽቦውን አያለሁ። መብረቁ ብልጭ ሲል በደስታ አጨበጭባለሁ፤ ዞር ስል አምፖሉ ይበራል። መብራት ጠፋ ብሎ የሚያማርር ሞልቷል፣ አልጠፋ ብሎ ሲያማርር የተገኘ ግን በዚያ ከተማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እማማ አለሚቱ አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆሜ አገኙኝ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«መብራቱ አልጠፋ ብሎኝ ነው እማማ።»

አማተቡ። ማግስቱን ጸበል አመጡልኝ። እኔም ማርያምን አልዋሽም፣ ጠጣሁት።

የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጸጉር አስተካካዩ ለደንበኞቹ ሁሉ «ይቺ ሳጥን ከተሰካች ወዲህ መብራት ጠፍቶ አያውቅም» እያለ ማውራት ጀመረ። ሰው ወደ ቤቴ ይመጣ ጀመር። በያጁ መጣ፣ የባልትና ባለቤቷ መጣች፣ ጫጩት የሚያስፈለፍሉት ሰውዬ ሁለት ቀን ተመላለሱ።

«ለእኔም ያቺን ሳጥን።»

«አባቴ፣ ሳጥኗ መጥፋቱን ትቆጥራለች እንጂ አታስቀርም» አልኳቸው።

«እሺ፣ እስካሁን ስንት ቆጠረች?»

«ምንም።»

«በል እንግዲህ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

በስምንተኛው ሳምንት የጸጉር ቤቷ ሳጥን አንድ መጥፋት መዘገበች። አሥራ አንድ ደቂቃ! እየዘለልኩ ሄድኩ፣ ለአስተካካዩ ሻይ በዳቦ ጋበዝኩት። ከጠጣ በኋላ ነው የነገረኝ፤ ሶኬት ስላጠረው የእኔን ነቅሎ የጸጉር ማሽኑን ሰክቶ ነበር።

የድሮውን መዝገብ ላግኝ ብዬ ሚዛን ወረድኩ። በደንብ አስተናገዱኝ። እነሱ ጋ ያለው ግን የትልቁ መስመር መዝገብ ነው፤ አንድ ሰፈር ውስጥ ለሁለት ሰዓት የጠፋ መብራት እዚያ ድረስ ዜናው አይሄድም። በሚኒባስ ስመለስ መስኮት ዳር ነበር የተቀመጥኩት፣ ከፍላጎቶቼ ሁሉ የተሟላልኝ ያ ብቻ ነበር። መስከረም ገብቷል። አራት ወር ቀርቶኛል፣ በእጄ ያለው የአንድ ጸጉር ቤት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፣ እሱም ውሸት ነው።

ቤት እንደደረስኩ እማማ አለሚቱ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ሥራ ከፈታህ ላይቀር ይቺን በቆሎ አስፈጭልኝ» ብለው ጆንያ አሸከሙኝ። ዲግሪ የያዘ ሰው በቆሎ ተሸክሞ በቴፒ ጭቃ ሲንሸራተት አስቡት። ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፣ በቆሎው ግን አልተደፋም።

ወፍጮ ቤቱ የእትዬ ብርቄ ነው። ከወልቂጤ ወዲህ ካለ አገር መጥተው እዚሁ የኖሩ፣ አጠር ያሉ፣ ቅንድባቸው ዘወትር በዱቄት የነጣ ሴት ናቸው። ስገባ አንዲት ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትሟገታቸዋለች።

«ባለፈው ግንቦት መብራት ሲጠፋ ላዩ ላይ የነበረው የእኔ ጤፍ ነበር! ስመለስ ግን ለሌላ ፈጭታችሁ ጠበቃችሁኝ!»

እትዬ ብርቄ አልተቆጡም። ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። «አንብቢ። ግንቦት ሃያ አንድ፣ አምስት ሰዓት ጠፋ። ዛፍ። ላዩ ላይ የዘነበች እህል። አንቺ ከሷ ሦስተኛ ነሽ። ዘጠኝ ሰዓት መጣ። ጽሑፍ ይዋሻል?»

ሴትዮዋ አነበበች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ጆንያዋን ጎተተች። እኔ ግን ጆንያዬን ለቀቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍጮ ቤት መብራት ሲጠፋ እህሉ እንደተጋመሰ ይቀራል። ሰው ወረፋውን ትቶ ወደየቤቱ ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም «እኔ ነበርኩ» እያለ ይመለሳል። ጠብ እንዳይነሳ ታዲያ በዚያ ወፍጮ ቤት የጠፋበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ ምክንያቱ ከታወቀ ምክንያቱ፣ ላዩ ላይ የማን እህል እንደነበረ፣ ከኋላው እነማን ወረፋ እንደያዙ፣ የመጣበት ሰዓት፣ ሁሉም በከሰል ግድግዳው ላይ ይጻፋል። ሰው እጁን ሰቅሎ ከሚደርስበት ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ። የሁለት ዓመት! እኔ አራት ሳጥን ሠርቼ ያጣሁት ሁሉ በከሰል ተጽፎ፣ በዱቄት ተለውሶ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሳይደግስ አይጣላም። ያ ግድግዳ ሴት ቢሆን ኖሮ በዚያው ሳምንት ሽማግሌ እልክ ነበር።

አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ አንድ ሰው ባልዲ ሙሉ ኖራና ብሩሽ ይዞ ገባ። ታዴ ይባላል፣ ቀለም ቀቢ ነው። «ከየትኛው ልጀምር እትዬ?» አለ።

«ከዚያኛው ጀምርና ወደዚህ ና። መስቀል ስድስት ቀን ነው የቀረው። አምና ሳይቀባ አልፏል፣ ዘንድሮስ አይሆንም።»

ጉራጌ ቤት መስቀል ሳይቀባ እንደማይገባ አገር ያውቃል። አምና ለምን ሳይቀባ እንደቀረ ግን አልጠየቅሁም። ለእኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምና ስላልተቀባ ሁለት ዓመት ተርፎልኛል። ሮጥኩና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ።

ታዴ እኔን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ ወደ እሳቸው ዞረ። «ከነሰውየው ልቀባው?»

እንዴት እንዳስረዳሁ አላስታውስም። ስለ ጥናቱ፣ ስለ ጥር፣ ስለ ሳጥኖቹ፣ ማጂ ስላለው አባቴ ተናገርኩ መሰለኝ። እትዬ ብርቄ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ይሄን የከሰል ጭረት ወረቀት ላይ ልታደርገው ነው?» አሉ።

«አንድም ሳላስቀር።»

ትንሽ አሰቡ። «ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ታዴ ሌላውን ይቀባል። አንተ ግን ዝም ብለህ አትቀመጥም፣ እየገለበጥክ የጆንያ አፍ ትይዝልኛለህ። ሰው የለኝም።»

ሦስት ቀን የጆንያ አፍ ያዝኩ። አንድ መስመር እገለብጣለሁ፣ አንድ ጆንያ እይዛለሁ፣ አስነጥሳለሁ። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ዶክተር ጌታሁንን አግኝቼ ሰላም ብላቸው አላወቁኝም፤ ከፊቴ የቀረው ዓይኔ ብቻ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሥራው ቀላል አልነበረም። አንድ ቦታ «ሰኔ 12 ተቀመጠች፣ ሐምሌ 3 ተነሣች» የሚል አገኘሁና የሃያ አንድ ቀን መጥፋት ብዬ በደስታ ያዝኩት። ሳሳያቸው እትዬ ብርቄ ወፍጮውን እስኪያጠፉ ድረስ ሳቁ። ዕንቁላል የታቀፈች ዶሯቸው ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ስጨርስ ታዴ ገባ። ብሩሹን ከላይ ሲያሳርፍ እትዬ ብርቄ ወደ ውጭ ወጡ። የኖራው ሽታ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ እንደ እኔ ያለ ተመራማሪ አልነበረም። የገለበጥኩትን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። መጥፋቱ በየወሩ፣ በየሰዓቱ፣ በየምክንያቱ ተሰድሮ ወጣ። በመካከሉ ደግሞ አንድ ድንቅ ነገር አገኘሁ። አምና ከመስከረም 4 እስከ ጥቅምት 14 ድረስ አርባ ቀን ሙሉ መብራት አንድም ጊዜ አልጠፋም! ከዚያ በፊት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ በመካከሉ ጸጥ። የእኔ ሳጥኖችስ ክረምቱን ሙሉ ዝም ብለው የለም? መብራት ሲፈልግ እንደማይጠፋ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ወዲያው ምክንያቱን ጻፍኩ፤ ዝናቡ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የቡና ለቀማው ገና ስላልተጧጧፈ፣ የቡና መፈልፈያዎቹ ስላልተነሱ በመስመሩ ላይ ያለው ጭነት ይቀላል፣ ወዘተ። ሦስት ገጽ ወጣው፣ ከነሥዕሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ፣ ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ሳቀርበው ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። ባለ አንቴናው ተነሥቶ አቀፈኝ። ዶክተር ጌታሁን በሰው ፊት ሲያመሰግኑ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ግን «የጥናቱ ልብ ይሄ አርባ ቀን ነው፣ ለብቻው ለመጽሔት ይበቃል» አሉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ፍላጎቴን ማስተካከል አማረኝ።

የመከላከያው ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው የታተመውን ረቂቅና አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። ማመስገን ነበር የፈለግሁት፣ ከልቤ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ይሄ ሁሉ ከእኔ ግድግዳ?» እያሉ ወረፋ የያዙትን ሴቶች ጠሩ። «ኑ ስሙ! ዘነበች፣ ያንቺ ጤፍ ሳይቀር አለበት!»

እኔም ጆሮ ሳገኝ ድምፄ ከፍ አለ። ልቡ ላይ ደረስኩ። «እና ከሁሉም የሚያስደንቀው፣ አምና ከመስከረም አራት እስከ ጥቅምት አሥራ አራት፣ አርባ ቀን ሙሉ፣ መብራት አልጠፋም!»

እትዬ ብርቄ እጃቸውን ሰደዱና ወፍጮውን አጠፉት። ሴቶቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እኔ ብቻ ነበርኩ ፈገግ እንዳልኩ የቀረሁት።

«ከመቼ እስከ መቼ አልከኝ?»

ደገምኩላቸው፣ በዝግታ።

«የእኔ ልጅ፣ መብራቱማ ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያልነበርኩት። መስከረም አራት ሽፋ አረፈ። ባለቤቴ። አርባው እስኪወጣ ወፍጮውን አልከፈትኩም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። «ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስንት ጊዜ ጠፍቶ ስንት ጊዜ እንደመጣ ማን ቆጠረው?»

መሬት ብትከፈት ያለ ወረፋ እገባ ነበር። የእሳቸውን ሐዘን በሦስት ገጽ የምሥራች አድርጌ፣ ሥዕል ሠርቼለት፣ ሰው አጨብጭቦልኝ፣ እንደገና ለእሳቸው በስኳር አጅቤ አምጥቼዋለሁ። ልናገር አልኩ፣ የመጣልኝ «አላወቅሁም» ብቻ ነው።

«ከየት ታውቃለህ? እኔም አልነገርኩህ» አሉ። ጭራሽ እሳቸው እኔን ማጽናናት ጀመሩ። «ግድግዳ ላይ መጻፍ የጀመረው እሱ ነው። ሰው በወረፋ ሲጣላ አይወድም። ከላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የሱ እጅ ነበር፣ አምና መስቀል ያልቀባሁትም ሐዘን ብቻ አይደለም፣ እጁን በኖራ መምታት አቅቶኝ ነው። ዘንድሮም ታዴን ጠርቼው ልቤ አልቆረጠም ነበር። አንተ መጥተህ አንድ በአንድ ስትገለብጠው አይቼ ነው የተቻለኝ። እግዜር ይስጥህ።»

እኔ ነበርኩ ላመሰግን የሄድኩት።

ስለዚያ ቀን አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ፣ ልናዘዝ። ወደ ቤት ስመለስ «ዝም ብለውስ?» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ከቁንዶ በርበሬ ነጋዴዎቹ ሱቅ እስከ ድልድዩ ድረስ አብሮኝ ሄዷል። ጥናቴን የሚፈትነው መርማሪ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ሽፋ የሚባል ሰው አያውቅም። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ ልቡን ካወጣሁት ጥናቱ ይሞታል፣ ስሜም ይፋቃል። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን የእትዬ ብርቄ ዝምታ ትዝ አለኝ። «አስተካክል» አላሉኝም፣ «ተው» አላሉኝም። እንዳሻህ ብለው ትተውልኛል፤ እሱ ነው የከበደኝ። መንገዴን ቀይሬ ወደ ዶክተር ጌታሁን ቤት ሄድኩ።

ጓሯቸው ሙዝ ሲያርሙ አገኘኋቸው። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ ለብዙ ጊዜ ጠረጉ።

«እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁህም» አሉ በመጨረሻ። «ልቡን ስናወጣው ምን ይቀረናል?»

«ሃያ ሁለት ወር ተኩል ገደማ።»

«እሱ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ይበቃል። አውጣው። ዛሬ።»

ሦስቱን ገጽ ከነሥዕሉ አወጣሁ። ለዚያ ሁሉ መልካም ወሬ አንድም እንባ አላፈሰስኩም። ማግስቱን ሄጄ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። «ያቺን ቦታ መረጃ የለም ብዬ ባዶ ትቻታለሁ» አልኳቸው።

«ባዶ?» ፊታቸው ጠቆረ። «ባዶ አታድርጋት። ስሙን ጻፍልኝ።»

እንግዲህ ሠንጠረዡ ላይ «ምክንያት» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ዛፍ፣ ዝናብ፣ መብረቅ፣ ያልታወቀ፣ ከአንድ ቃል በላይ አትይዝም። በዚያ አርባ ቀን ረድፍ ላይ «ሽፋ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ያህልም ነውር አልመሰለኝም። በእኛ ሙያ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋት የምንላቸው ሁሉ የሞቱ ሰዎች ስም ናቸው፣ በየገጹ ስንጠራቸው እንውላለን።

በመከላከያው ቀን አዳራሹ ሞላ። እትዬ ብርቄ ነጭ ለብሰው፣ ቅንድባቸውን ታጥበው፣ ከታዴ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። የአዲስ አበባው መርማሪ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ገጽ በገጽ ሄዱ። ከሰል መሆኑን ጠየቁ፣ ሰዓቱን በምን እንዳረጋገጥኩ ጠየቁ፣ ዶሮዋን ሳይቀር ደረሱባት፤ የግርጌ ማስታወሻ ጽፌላት ነበር። በላብ ተጠምቄ ሠንጠረዡ ላይ ደረስን። ብዕራቸው ቆመ።

«ዛፍ ገባኝ። መብረቅ ገባኝ። ይሄ ‹ሽፋ› የሚባለው ምን ዓይነት ብልሽት ነው? ወይስ እኔ የማላውቀው አዲስ አሃድ ነው?»

ዶክተር ጌታሁንን አየሁ፣ እሳቸው ጠረጴዛውን ያያሉ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚንቀሳቀስ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ብርቄ ተነሥተው ቆመዋል። በመከላከያ ላይ እንግዳ እንደማይናገር የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«ባሌ ነው» አሉ።

መርማሪው ወደ እሳቸው አዩ፣ ወደ ሠንጠረዡ ተመለሱ፣ ቀኖቹን በብዕራቸው ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አርባ ሲሆን ገባቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው ከመቀመጫቸው ተነሡ፣ እኛም ሁላችን ተነሣን። «ነፍስ ይማር» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተጠየቅሁትን በቅጡ አላስታውስም። ወረቀቱ ግን እጄ ላይ አለ፤ «በማስተካከያ አልፏል» ይላል። ማስተካከያዎቹ አሥራ ሰባት ናቸው፣ በመርማሪው ቀይ ብዕር በሰፊው ተጽፈዋል፣ ሥዕሎቼን ነቅፈዋል፣ ሰዋስዌን ነቅፈዋል፣ ዶሮዋን አስወጥተዋል። ያን ስም አውጣ የሚል ግን የለበትም።